ሁለት ግመል እያለው የቀረው ሰሐባ



ይህ ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ መድረስ የነበረበት ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። ስለማን እንደምንጽፍ ከወሰንን ቆይተናል። ኪታቦቹ ጠረጴዛችን ላይ ነበሩ፤ ጊዜም ነበረን። የተጻፈው ግን፣ እንደ ልማዳችን፣ በመጨረሻዋ ሌሊት ነው። ይህን የምናወራው ለማሳቅ አይደለም። የከዕብ ቢን ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለራሱ መዋሸት ስለሚያሳፍረው ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

የግቢያችንን ልማድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሳይመንት የሚሠራው በተሰጠበት ሳምንት ሳይሆን በሚሰበሰብበት ዋዜማ ነው። ላይብረሪ ውስጥ ወንበር የሚጠፋው ፋይናል ሲቃረብ ነው። ቀን ካልተቆረጠልን አንነሳም፤ ተቆርጦልንም ቀኑ ደጃችን ላይ ካልቆመ አንነሳም። አንዳንዶቻችንማ ካልተጨነቅን ጭንቅላታችን አይሠራም እያልን ነገሩን እንደ ተሰጥኦ ይዘነዋል። በርግጥ የተቆረጠ ቀን ብዙ ሰው ይቀሰቅሳል፤ ይህን አንክድም። ግን ቀኑ እየቀረበ መሆኑን እያየ፣ አቅሙም ሀብቱም እምነቱም እያለው ያልተነሳ ሰውስ? ሰነፍ ወይም ሙናፊቅ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር። ከዕብ ግን ሁለቱንም አልነበረም።

ከዕብ የመዲና ልጅ ነው፤ ከኸዝረጅ ጎሣ፣ ከበኑ ሰሊማ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን እሱ ሁለቱንም ይችል ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ግጥሙ ነው። ከሒጅራ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ622፣ ከመዲና ሐጃጆች ጋር መካ ሲሄድ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም ነበር። ከወገኖቹ አለቃ ከአል-በራእ ቢን መዕሩር ጋር ሆኖ እያጠያየቀ፣ መስጂዱ ውስጥ ከአጎታቸው ከዐባስ ጋር ተቀምጠው አገኛቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚህን ሁለት ሰዎች ያውቃቸው እንደሆነ ዐባስን ጠየቁት፤ እሱም በየስማቸው አስተዋወቃቸው። የከዕብን ስም ሲሰሙ፣ ገጣሚው እሱ ይሆን እንዴ ሲሉ ጠየቁ። ከዕብ ይህችን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን አልረሳትም። እሱ እሳቸውን ሳያውቃቸው የእሱ ስም እሳቸው ዘንድ ደርሶ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ በዐቀባ ሸለቆ ውስጥ በሌሊት ቃል ከገቡት 73 ወንዶችና 2 ሴቶች አንዱ ሆነ። ለዚህች ሌሊት የነበረው ፍቅር ልዩ ነው። በድር በሰው ዘንድ የበለጠ ቢወራም እሱ ግን ዐቀባን በበድር እንደማይለውጣት ይናገር ነበር። በበድር ዘመቻ አልነበረም። በዚያም የወቀሰው ሰው የለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወጡት የቁረይሽን የንግድ ቅፍለት ፈልገው ስለነበር ከጠላት ጋር የተገናኙት ያለቀጠሮ ነው። ይህችን ቃል ያዙልን፤ በድር ያለቀጠሮ ነበር።

በኡሑድ ግን ነበር፤ ያውም ሰው በማይረሳው መንገድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተገደሉ የሚል ወሬ ተነዝቶ የሙስሊሙ ጦር በተደናገጠባት ሰዓት፣ ከራስ ቁር ሥር የሚያበሩ ዓይኖቻቸውን ዐይቶ በመጀመሪያ ያወቃቸው ከዕብ ነው። በደስታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸ። ጠላት እንዳይሰማ ዝም እንዲል በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ከሐሳን ቢን ሣቢትና ከዐብዱላህ ቢን ረዋሓህ ጋር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ገጣሚዎች ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የእሱ ድርሻ በአብዛኛው የጦርነት ግጥም ነበር። እንግዲህ ተቡክ ሲመጣ ከዕብ ይህን ሁሉ ከኋላው ያለው ሰው ነው።

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በረጀብ ወር፣ በፈረንጆች 630፣ ወደ ሩም ድንበር የሚደረገው ዘመቻ ታወጀ። መድረሻው ተቡክ ነው፤ ከመዲና ወደ ሰሜን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌላ ጊዜ ወደየት እንደሚዘምቱ በግልጽ አይናገሩም ነበር፤ ሌላ አቅጣጫ አስመስለው ይወጣሉ። አሁን ግን መንገዱ ረጅም፣ ሙቀቱ ከባድ፣ ጠላቱም ብዙ ስለሆነ ሰዉ በደንብ እንዲሰናዳ ሁሉን ነገር በግልጽ አሳወቁ። እንደ በድር ድንገተኛ የሆነ ነገር የለም። የወጡት ሐሙስ ቀን ነው፤ ለጉዞ ሐሙስን ይወዱ እንደነበር ያስተላለፈልን ራሱ ከዕብ ነው። ወቅቱ ተምሩ የደረሰበት፣ ሰው ከጥላ ሥር መነሳት የሚጠላበት ነበር። ከዕብ ለዚያ ለተምሩና ለጥላው ልቡ ያዘነብል እንደነበር አልደበቀም።

የጦሩ ብዛት 30,000 እንደነበር ይነገራል። ስም የሚመዘገብበት መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ ወሕይ ካልወረደበት በቀር መቅረቱ እንደማይታወቅ ሊያስብ የሚችል ሰው ብዙ ነበር። በሌላ በኩል የሚጋልቡት አጥተው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጡ ድሆች ነበሩ። የሚሰጧቸው እንስሳ እንደሌለ ሲነገራቸው እያለቀሱ ተመለሱ፤ ቁርኣንም በተውባ ሱራ እንባቸውን ጠቅሶላቸዋል። ከዕብስ? ከዕብ በሕይወቱ ከዚያች ጊዜ የበለጠ ጠንካራም ሀብታምም ሆኖ አያውቅም። ከዚያ በፊት ሁለት መጋለቢያ ግመል አንድ ላይ ኖሮት አያውቅም፤ በዚያ ዘመቻ ጊዜ ግን ሁለት ነበሩት።

አሁን ነው ቆም ብለን ማየት ያለብን። ከዕብ ላለመዝመት አልወሰነም። ቤቱ ተኝቶም አልዋለም። በማለዳ አብሯቸው ለመሰናዳት ብሎ ይወጣል፤ ምንም ሳይፈጽም ይመለሳል። በፈለገ ሰዓት መሰናዳት እንደሚችል ለራሱ ይነግረዋል። በማግስቱም ይወጣል፤ እንደገና ባዶውን ይመለሳል። ይህን ስናነብ ከመካከላችን ያልሳቀም ያላፈረም አልነበረም። ላፕቶፑ ተከፍቷል፣ ሻዩ ተቀድቷል፣ ርዕሱ በደማቁ ተጽፏል፣ ሰዓቱ አራት ሆኗል፤ ከርዕሱ በታች ግን ምንም የለም። ሥራ ላይ የዋለ ሰው ድካም እንጂ የሥራ ፍሬ የለም።

ይህን ሰው ያሰረው ምን እንደሆነ ስንመለከት ችሎታው ሆኖ አገኘነው። አንዲት ደካማ ግመል ያለው ሰው ቀደም ብሎ ይነሳል፤ ጫማዋን ያያል፣ ስንቁን ይመዝናል፣ ጎረቤቱን ይለምናል፤ ካልጀመረ እንደማይደርስ ያውቃል። ሁለት ጠንካራ ግመል ያለው ግን ቀኑን አይፈራውም። የተቆረጠው ቀን ለሌላው ጥሪ ሲሆን ለእሱ የሚያመቻምችበት ሜዳ ይሆንለታል። ጎበዝ የምንላቸው ጓደኞቻችን አንዳንዴ ከሁላችንም በኋላ የሚጀምሩት ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ገብቶናል። (የግመል ጫማ ስንል እንዳትስቁ፤ የግመል ኮቴ ማለታችን ነው። ሌሊቱ ሄዷል።)

ሐሙስ ሆነ፤ ጦሩ ወጣ። ከዕብ አልተሰናዳም።

ቀነ ገደብ ሲያልፍ ነገሩ ያበቃለታል ብለን እናስባለን። ከዕብ ላይ የሆነው ሌላ ነው፤ ያለፈው ቀን ሌላ ቀን ወለደ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተሰናድቶ እንደሚደርስባቸው ለራሱ ነገረው። ስሌቱ የማይሆን አልነበረም፤ ብዙ ሕዝብ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሁለት ግመል ያለው አንድ ሰው ደግሞ ይፈጥናል። ወጣ፤ ሳይሰናዳ ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ጦሩ እየራቀ ሄደ። አሁንም ተነስቶ ሊከተላቸው ያስብ ነበር፤ ምነው ባደረግሁት ኖሮ እያለ በስተርጅና ሲናገር ቁጭቱ ገና አልበረደለትም። የመጀመሪያውን ቀን የቆረጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ሁለተኛውን የቆረጠው ራሱ ነው፤ ራሱ የቆረጠውን ቀን ደግሞ ራሱ ያራዝመዋል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ሰው ቀርቶ ነበር፤ አቡ ኸይሠማህ። ጦሩ ከወጣ ከቀናት በኋላ፣ በሚያቃጥል ቀን፣ ወደ አትክልት ቦታው ገባ። ሁለቱ ሚስቶቹ በየዳሳቸው ውኃ ረጭተው፣ የሚጠጣ አቀዝቅዘው፣ ምግብ አሰናድተው ጠበቁት። ከዳሱ በር ላይ ቆሞ ሁሉን አየና፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፀሐይና በነፋስ ውስጥ ሆነው እሱ በጥላ ሥር መሆኑ አላስችለው አለ። ሳይገባ ስንቁን እንዲያሰናዱለት አዝዞ ግመሉን ጭኖ ሄደ። ተቡክ ላይ ሙስሊሞቹ በሐሩሩ ውስጥ ነጭ የለበሰ ሰው ሲንቀሳቀስ ከሩቅ አዩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ኸይሠማህ እንዲሆን ተመኙ፤ እሱው ነበር። እሱም ዘግይቷል፤ የሐሙሱን ጉዞ እሱም አልደረሰበትም። የሁለቱን ልዩነት በቀን ብዛት መለካት አልቻልንም። አንደኛው ነገ እደርሳለሁ ብሎ አላሰበም፤ ከበሩ ላይ ነው የተመለሰው።

ከዕብ መዲና ውስጥ ሲዘዋወር የሚያየው ሰው ያሳዝነው ጀመር። ቀርተው የሚያያቸው ወይ በኒፋቅ የሚጠረጠሩ፣ ወይ አላህ ዑዝር የሰጣቸው ደካሞች ናቸው። እሱን የሚመስል የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቡክ እስኪደርሱ ድረስ ስሙን አላነሱም ነበር። እዚያ ተቀምጠው ሳለ ከዕብ ምን ሆኖ እንደቀረ ጠየቁ። ከገዛ ወገኑ ከበኑ ሰሊማ አንዱ፣ ልብሱና በራሱ መደነቁ እንደያዘው ተናገረ። ሙዓዝ ቢን ጀበል ወዲያው ገሠጸው፤ ስለ ከዕብ ከመልካም በቀር የሚያውቁት እንደሌለ መሰከረለት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝም አሉ። ጓደኛ በሌለበት እንዲህ የሚናገርለት ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ማለፍ ስላቃተን ነው።

ጦሩ ሳይዋጋ ሊመለስ መሆኑ ተሰማ። አሁን ለከዕብ ሌላ ቀን ተቆረጠለት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና የሚገቡበት ቀን። በዚህኛው ጊዜ አእምሮው ሠራ! ለሳምንታት ስንቅ ማሰናዳት ያቃተው ሰው አሁን ምክንያት ያሰናዳ ጀመር። ከቁጣቸው በምን እንደሚያመልጥ ያሰላስላል፤ ከቤተሰቡ ውስጥ አስተዋይ የሆኑትን ሁሉ ያማክራል። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ የተሳካ ውሸት መሥራት አይከብደውም። በመጨረሻ ሰዓት ጭንቅላታችን እንደሚከፈት የምንናገር ሁሉ ይህን ብናይ ጥሩ ነው። ተከፍቶ የሚያወጣው ሁልጊዜ ሥራውን አይደለም፤ ላስተማሪ የሚነገረውን ምክንያትም ነው። የታመመው አጎት፣ የተበላሸው ፍላሽ፣ የጠፋው መብራት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መቃረባቸው ሲነገረው ግን ውሸቱ ሁሉ ከልቡ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ቆረጠ።

ማለዳ ገቡ። ከጉዞ ሲመለሱ እንደሚያደርጉት በመስጂድ ጀምረው ሁለት ረከዓ ሰግደው ለሰዉ ተቀመጡ። የቀሩት ሰዎች እየመጡ ምክንያታቸውን ይደረድሩ፣ ይምሉም ጀመር፤ ከ80 በላይ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የነገሯቸውን ተቀብለው፣ ምሕረት ለምነውላቸው፣ የውስጣቸውን ለአላህ ተዉት። ከዕብ ሲመጣ የተቆጣ ሰው ፈገግታ ፈገግ አሉለት። ከፊታቸው ተቀመጠ። ምን እንዳስቀረው፣ መጋለቢያውን ገዝቶ እንዳልነበር ጠየቁት። ከሌላ ሰው ፊት ቢቀመጥ ኖሮ በምክንያት እንደሚያመልጥ፣ የመከራከር ችሎታም እንደተሰጠው ነገራቸው። ግን ዛሬ ዋሽቶ ቢያስደስታቸው አላህ ነገ ሊያስቆጣቸው ይችላል። ስለዚህ ምንም ምክንያት እንዳልነበረው፣ ከዚያች ጊዜ የበለጠ ጉልበትም ሀብትም ኖሮት እንደማያውቅ ተናገረ። እሳቸውም ይህ ሰው እውነት መናገሩን ገልጸው፣ አላህ እስኪፈርድበት ተነስቶ እንዲሄድ አዘዙት።

ከመስጂድ ሲወጣ የወገኑ ሰዎች ተከትለው ወቀሱት። እንደሌሎቹ ምክንያት ማቅረብ እንዴት አቃተው፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲግፋር ይበቃው አልነበረም ወይ። ደጋግመው ስለጨቀጨቁት ተመልሶ ቃሉን ሊያጥፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ እንደሱ የተናገረ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሙራራህ ቢን ረቢዕና ሂላል ቢን ኡመያህ ያሉትን ብለው የተባለውን ተብለዋል አሉት። ሁለቱም በድር የዘመቱ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ሲሰማ መንገዱን ቀጠለ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቀሩት ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ብቻ ማንም እንዳያነጋግራቸው ከለከሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ቤታቸው ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ከዕብ በዕድሜ ከሦስቱ ትንሹ፣ በጉልበትም ጠንካራው ስለነበር ይወጣል፤ ከጀመዓው ጋር ይሰግዳል፣ ገበያ ይዞራል፣ የሚያናግረው ግን የለም። ከሶላት በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደተቀመጡበት ቀርቦ ሰላም ይላል፤ ከንፈራቸው ለመመለስ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ራሱን ይጠይቃል። አጠገባቸው ሆኖ እየሰገደ በስርቆሽ ያያቸዋል። እሱ ወደ ሶላቱ ሲዞር ያዩታል፤ እሱ ወደሳቸው ሲዞር ፊታቸውን ያዞራሉ። የሚያውቃት ምድር የማያውቃት ሆነችበት።

ነገሩ ሲረዝምበት የአጎቱን ልጅ የአቡ ቀታዳህን የአትክልት ግድግዳ ዘልሎ ገባ። ከሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነበር። ሰላም አለው፤ አልመለሰለትም። አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ያውቅ እንደሆነ በአላህ ስም ጠየቀው። ዝም አለው። ደገመ፤ ዝም። ሲሠልስ፣ አላህና መልእክተኛው ያውቃሉ ከማለት ሌላ መልስ አላገኘም። የከዕብ ዓይን በእንባ ሞላ፤ በመጣበት ግድግዳ ተመለሰ።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ እህል ሊሸጥ ከሻም የመጣ አንድ ነጋዴ ስሙን እየጠራ ያፈላልገዋል፤ ሰዎች በእጃቸው ጠቆሙት። ነጋዴው ደብዳቤ ሰጠው፤ ከገሳን ንጉሥ ነው። ንጉሡ ጌታህ እንደራቀህ ሰማሁ፣ ወደኛ ና፣ እንንከባከብሃለን የሚል መንፈስ ያለው ግብዣ ልኮለታል። ከዕብ ማንበብ ይችላል፤ አንብቦ ሲጨርስ ይህም ሌላው መከራ መሆኑ ገባው። ደብዳቤውን ይዞ ወደ ምድጃ ሄደ፤ አቃጠለው። አስተውሉ፤ ይህን ለነገ አላሳደረውም። ደብዳቤውን ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ በፈለገ ጊዜ ማቃጠል እንደሚችል ለራሱ ቢነግር ኖሮ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል። ያ በየማለዳው ወጥቶ ባዶውን የሚመለሰው ሰው መለወጡን የምናየው እዚህች ምድጃ አጠገብ ነው።

40 ሌሊት ሲሞላ ከሚስቶቻቸው እንዲርቁ መልእክት መጣ። ከዕብ መፍታት ይሁን መራቅ ብቻ ጠይቆ፣ መራቅ ብቻ መሆኑ ሲነገረው ሚስቱን ወደ ቤተሰቦቿ ላካት። የሂላል ሚስት ባሏ አቅም ያጣ ሽማግሌ ስለሆነ እንድታገለግለው አስፈቀደች፤ ተፈቀደላት። ከዕብም እንዲያስፈቅድ ቤተሰቦቹ መከሩት፤ ወጣት በመሆኑ እምቢ አለ።

የዚህ ቅጣት ክብደት ከምንም በላይ ቀን ያልተቆረጠለት መሆኑ ይመስለናል። ያ ሰው የሚወጣበትን ቀን እያወቀ አልተሰናዳም ነበር፤ አሁን የሚያበቃበትን ቀን ሳያውቅ ይጠብቃል። ከዚህ ሁኔታ ጋር ሳልፈታ ብሞት፣ ወይም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢሞቱ ብሎ ይፈራ ነበር፤ ማንም ሳይሰግድበት፣ ማንም ሳያናግረው መቅረት። በሱረቱ ተውባ 118ኛ አንቀጽ ስለ ሦስቱ የተነገረውን ቃል ብዙ ሰው ከዘመቻ የቀሩት ብሎ ይረዳዋል። ከዕብ ራሱ ግን ሌላ ፍቺ ሰጥቶታል፤ ጉዳያቸው የዘገየባቸው፣ ከሚምሉት ተለይተው ፍርዳቸው ወደ ኋላ የተባለባቸው ማለት ነው ብሏል። ነገውን ሲያዘገይ የነበረው ሰው ራሱ የሚዘገይ ጉዳይ ሆነ።

በ50ኛው ሌሊት የመጨረሻ ሲሶ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእናታችን በኡሙ ሰለማህ ቤት ሳሉ ተውባቸው ወረደ። ኡሙ ሰለማህ ለከዕብ ያዝኑለት ነበር፤ አሁኑኑ ሰው ልከው ያብሥሩት እንደሆነ ጠየቁ። ሰዉ ተግተልትሎ መጥቶ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳይነሳቸው ሲባል እስከ ፈጅር ቆየ። ማዘግየት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይኼኛው ሰዓቱ የታወቀ ነበር።

ከዕብ ያን ፈጅር ቤቱ ጣራ ላይ ሰግዶ፣ ነፍሱ ጠባ፣ ምድሩም ሰፍቶ ሳለ ጠቦበት ተቀምጧል። ከሰልዕ ተራራ ጫፍ የሚጮህ ድምፅ ስሙን ጠርቶ አበሠረው። ወዲያው በሱጁድ ወደቀ። አንዱ ሰው ፈረስ ጋልቦ ወደ እሱ ይመጣ ነበር፤ የአስለም ጎሣ የሆነው ሌላው ደግሞ ሮጦ ተራራው ላይ ወጣ፤ ድምፁ ፈረሱን ቀደመው። ድምፁን የሰማው ሰውዬ ሲደርስ ከዕብ የለበሳቸውን ሁለት ልብሶች አውልቆ ለብሥራቱ ሰጠው። በዚያች ቀን ሌላ ልብስ አልነበረውም፤ ተውሶ ለብሶ ወደ መስጂድ ሄደ። በመንገድ ሰዉ በቡድን በቡድን እየተቀበለ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። መስጂድ ሲገባ ጦልሓህ ቢን ዑበይዲላህ ተነስቶ እየሮጠ መጣና እጁን ጨብጦ ደስታውን ገለጸለት። ከሙሃጂሮቹ ሌላ የተነሳለት አልነበረም። ይህችን የጦልሓህን መነሳት ከዕብ እስኪሞት አልረሳትም።

ሰላም ሲላቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በደስታ ያበራ ነበር፤ ደስ ሲላቸው ፊታቸው የጨረቃ ቁራጭ ይመስል እንደነበር የነገረን እሱ ነው። እናቱ ከወለደችው ወዲህ ካለፉበት ቀናት ሁሉ በሚበልጠው ቀን እንዲደሰት ነገሩት። ከተውባው ምስጋና ሀብቱን ሁሉ ለሶደቃ ሊያወጣ ፈለገ፤ ጥቂቱን ለራሱ ቢያስቀር እንደሚሻለው መከሩት፤ የኸይበር ድርሻውን አስቀረ። ሌላም ቃል ገባ፤ በሕይወት እስካለ ድረስ እውነት እንጂ ላይናገር። ከእስልምና በኋላ አላህ ከሰጠው ጸጋ ሁሉ ያን ቀን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አለመዋሸቱን የሚያህል እንደሌለ ይናገር ነበር።

ስለ ከዕብ አንድ ሌላ ትንሽ ወሬ እንጨምር። ዐብዱላህ ኢብን አቢ ሐድረድ የሚባል ሰው የከዕብ ዕዳ ነበረበት። ከዕብ መስጂድ ውስጥ ዕዳውን ሲጠይቀው ሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሆነው ሰሙ። መጋረጃውን ገልጠው ከዕብን ጠሩና ግማሹን እንዲተውለት በእጃቸው ጠቆሙት። ወዲያው እሺ አለ። ባለዕዳውንም ተነስቶ ቀሪውን እንዲከፍል አዘዙት። ከዕብ እንደ ሁላችንም ነው፤ የራሱ ጉዳይ ይዘገይበታል፣ የሌላውን ግን በሰዓቱ ይፈልጋል። ደግሞም ግማሹን በአንድ ምልክት ይተዋል።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ ረጅም ዘመን ኖረ። ዑሥማን ቢን ዐፋን (ረ.ዐ) ሲገደሉ በግጥም አለቀሰላቸው። በሙዓውያህ ዘመን፣ 50ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ፣ አረፈ። በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። የሚመሩት ልጆቹ ነበሩ፤ ይህን ሁሉ የተቡክ ታሪክ ለልጁ ለዐብዱላህ አጫወተው፤ ከእሱ ወደ ቡኻሪና ሙስሊም ኪታቦች ደረሰ። ማለዳ ማለዳ ወጥቶ ባዶውን መመለሱን፣ ጥላውንና ተምሩን መውደዱን፣ ውሸት ሲያሰናዳ መሰንበቱን የምናውቀው ከጠላት ወሬ አይደለም። ከራሱ አፍ ነው። ዝም ቢል ኖሮ የሚያውቅበት አልነበረም።

ዐብዱረሕማን የሚባለው ልጁ ደግሞ ሌላ ነገር አስተውሏል። አባቱን ጁሙዓ ወደ መስጂድ እየመራ ሲሄድ፣ አዛን በሰማ ቁጥር ሽማግሌው ለአስዐድ ቢን ዙራራህ ምሕረት ይለምናል። ሁልጊዜ፣ በአዛኑ ሰዓት፣ ያንኑ ስም። ልጁ ምክንያቱን ጠየቀው። አስዐድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሳይገቡ በፊት መጀመሪያ ለጁሙዓ የሰበሰባቸው ሰው እንደሆነ ነገረው፤ ያን ጊዜ 40 ነበሩ። አስዐድ የሞተው በሒጅራ መጀመሪያ ነው። ከዕብ ግን ዓይኑ ጠፍቶም ከዚያች ዱዓ አንድ ጁሙዓ አልዘገየም።